ጠላ በቤቱ ለሚጠምቅ ጀማሪ፦ ከጥንስሱ እስከ አተላው

ባሕር ዳር ውስጥ ጠላ ልጥመቅ ብሎ የሚነሣ ሰው ዕቃ አይቸግረውም። ጌሾው ከዘጌ፣ ዳጉሳው ከሜጫ ወገን ይመጣል፤ ብቅሉም ቢሆን ገበያ ወጥቶ የሚታጣ ነገር አይደለም። የሚቸግረው የሚያስረዳው ሰው ማግኘት ነው። ባለሙያ እናቶችን «ድፍድፉ ስንት ቀን ይቆይ?» ብለው ቢጠይቋቸው «እስኪደርስ» ይላሉ፤ «ጌሾው ምን ያህል ይሁን?» ሲሏቸው ደግሞ «እንደ ጌሾው ነው» ብለው ያልፋሉ። መልሳቸው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ዓመታት የፈጀ የእጅና የአፍንጫ ዕውቀት ስለሆነ፣ አንድም ቀን ጋን አጥኖ ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም። ስለዚህ እዚህ ላይ ከመጠኑ ይልቅ ምክንያቱን አስቀድማለሁ፤ በየደረጃው ድስቱና ጋኑ ውስጥ የሚሆነውን ያወቀ ሰው መጠኑን ከሁለትና ከሦስት ጥመቃ በኋላ ራሱ ያገኘዋልና።

ከመሠረቱ እንጀምር። አልኮል የሚያወጣው እርሾ የሚባለው በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር ነው፤ ስኳር ይበላል፣ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይተዋል። ይህ የሕያዋን ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ በሙከራ እስኪያሳይ ድረስ ብዙ የኬሚስትሪ ሊቃውንት አይቀበሉትም ነበር። አማርኛችን ደግሞ ጥንስሱ ሲያረፋና ሲንጫጫ አይቶ፣ ምድጃ ላይ እንደተጣደ ውሃ «ፈላ» ይለዋል፤ እሳት ሳይነካው የሚፈላ ነገር ማለት ነው። ችግሩ እርሾ ስኳር እንጂ ስታርች መብላት አለመቻሉ ነው፤ በገብስ፣ በበቆሎና በዳጉሳ ውስጥ በብዛት ያለው ደግሞ ስታርች ነው። ስለዚህ ጠላ ሁለት ሥራ በአንድ ዕቃ ውስጥ ይጠይቃል፦ መጀመሪያ ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ፣ ቀጥሎ ስኳሩን ወደ አልኮል መለወጥ። የመጀመሪያው የብቅሉ ሥራ ሲሆን ሁለተኛው የእርሾው ነው። ማርና ፍራፍሬ ስኳራቸው የተዘጋጀ ስለሆነ ብቅል አያስፈልጋቸውም። ከዚህ አንጻር ጠላና ቢራ ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ ጠጅም ፈረንጆች ከፖም ጭማቂ ለሚሠሩት ሲደር ለተባለው መጠጥ የቅርብ ዘመዱ ነው። ምናልባት ጠላ «ይጠመቃል»፣ ጠጅ ግን «ይጣላል» የምንለው በከንቱ አይደለም፤ የሥራው ክብደት በእርግጥም ይለያያል።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ለጀማሪ 25 ሊትር ገደማ የሚይዝ ማድጋ ወይም እንስራ ይበቃል። አዲስ የሸክላ ዕቃ በግራዋ ቅጠል ደጋግሞ ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያም በወይራ ጭስ ይታጠናል። ይህ ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሸክላ ግን ቀዳዳ የበዛበት ዕቃ ነው፤ ያለፈው ጠላ ቅሪት በግድግዳው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፣ ከእርሱም ጋር አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ይቀራሉ። ጭሱ ግድግዳውን ያደርቀዋል፣ ረቂቅ ተሕዋስያንን የሚያዳክሙ ነገሮችንም ይለጥፍበታል። ስለዚህ የማጠኑ ሥራ እንስራው በደንብ ታጥቦ ከጠፈፈ በኋላ እንጂ እርጥብ ሳለ አይደረግም፤ እርጥብ ዕቃ ላይ ጭሱ ውሃው ላይ ይቀራል። ሸክላ ያጣ ሰው በፕላስቲክ ባልዲ ሊጠምቅ ይችላል። ባልዲው ግን ለምግብ ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበት በርሜል ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለዚህ አይሆንም። የቆርቆሮ ባልዲም ይቅር፣ ምክንያቱም ጠላው አሲድ ስላለው በቆርቆሮው ላይ የተለበጠውን ዚንክ ያሟሟዋል።

ውሃውስ? የሐይቁን ውሃ በጥሬው መጠቀም አይገባም፤ ጠላ በአሠራሩ እሳት ላይ የማይፈላ መጠጥ ስለሆነ በውሃው የገባ በሽታ በእሳት የሚሞትበት አጋጣሚ የለውም። የቧንቧ ውሃም ቢሆን አፍልቶ ማቀዝቀዝ ጥሩ ነው፤ ክሎሩም አብሮ ይለቃል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ብቅል የመጀመሪያው ከባድ ጉዳይ ነው። ገብሱ አንድ ቀን ያህል ይዘፈዘፋል፣ ይጠነፈፋል፣ ከዚያም በኮባ ቅጠል ወይም በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ዘሩ «ልበቅል ነው» ብሎ ሲነሣ፣ ያከማቸውን ስታርች ለቡቃያው ምግብ ለማድረግ አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ያዘጋጃል፤ እኛ የምንፈልገው ይህንን ኢንዛይም ነው። ቡቃያው ሳያድግ እንቅስቃሴው እንዲቆም በፀሐይ ይደርቃል። በእሳት አይቆላም፤ ኃይለኛ ሙቀት ኢንዛይሙን ያጠፋዋል፣ ኢንዛይም የሌለው ብቅልም ተራ የገብስ ዱቄት ነው። ከገበያ ብቅል የሚገዛ ሰው ጥቂት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ይቅመስ፦ ጥሩ ብቅል ይሰበራል እንጂ እንደ ጥሬ ገብስ አያስቸግርም፣ ሲያኝኩትም ይጣፍጣል። ያረጀ፣ የታፈነ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ የነካው ከሆነ ግን ዋጋው ስንት ቢረክስ አይገዛ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ በእህል ላይ ከሚበቅሉት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ፣ በተለይ በበቆሎ ላይ፣ ጉበትን የሚጎዳ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያወጣሉ፤ ይህም መርዝ በመቁላትም ሆነ በመፍላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በሐይቁ ዳር ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ የተገዛ ብቅልና ጌሾ በጆንያ ታስሮ መሬት ላይ እንዲቀመጥ አልመክርም።

ጥንስሱ እንዲህ ይጀመራል። ለ25 ሊትሩ ዕቃ እኔ የምጠቀመው ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፣ 1 ኪሎ የብቅል ዱቄትና 4 ኪሎ የእህል ዱቄት ነው። የእህሉ ዱቄት የዳጉሳና የበቆሎ ድብልቅ ቢሆን ለአካባቢያችን ይስማማል፤ ዳጉሳው ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙንም ያከብደዋል። ጌሾው መጀመሪያ በ4 ሊትር ያህል ውሃ ተበጥብጦ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ከዚያ ብቅሉ ይገባበታል። «ለጌሾ ወቀጣ ማንም ሰው አልመጣ» የሚባለው ወቀጣው እጅ ስለሚያደክም ነው፤ ዛሬ ተፈጭቶ ስለሚሸጥ ድካሙ ቀርቷል። ነገር ግን ተፈጭቶ የከረመ ጌሾ ሽታው ይጠፋል፤ ከተቻለ ቅጠሉን ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል። ጌሾ በቢራ ውስጥ ሆፕስ የተባለው ተክል የያዘውን ቦታ ይይዛል፦ ያመርረዋል፣ አላስፈላጊ የሆኑ ባክቴሪያዎችንም ይገታል። ከዚያ በተጨማሪ እርሾው ራሱ የሚመጣው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ግድግዳ ነው። ጠላ ጠማቂ እርሾ ገዝቶ አይጨምርም፤ ለእርሾው የሚመች ሁኔታ ያዘጋጅለታል፣ እርሾውም ይመጣል። ጥንስስ በቀን አንድ ጊዜ በንጹሕ ማማሰያ ይማሰላል። በዚህ ጊዜ ጥቂት አየር ቢገባው ይጠቅመዋል፣ እርሾው ለመብዛት አየር ይፈልጋልና።

ከዚያ ቂጣውና እንኩሮው ይቀጥላሉ፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ4 ኪሎው ዱቄት 1 ኪሎው ሳይቦካ ተለውሶ ወፍራም ቂጣ ሆኖ ይጋገራል፣ በሚገባ እስኪጠቁር ድረስ ይበስላል፣ ተቆራርሶም ወደ ጥንስሱ ይገባል። የቀረው 3 ኪሎ ውሃ እየተረጨ በምጣድ ላይ እየታመሰ ይቆላል፤ ይህ እንኩሮ ነው። ዱቄቱን ለምን እናረጥበዋለን፣ ለምንስ እንቆላዋለን? ጥሬ ስታርች ጥቅጥቅ ብሎ የተያያዘ በመሆኑ የብቅሉ ኢንዛይም በቀላሉ አይገባበትም፤ ውሃና ሙቀት አብረው ሲያገኙት ግን ያብጣል፣ ይላላል፣ ይከፈታል። ደረቅ ዱቄት ቢቆላ ቀለምና ሽታ ያገኛል እንጂ ስታርቹ በደንብ አይከፈትም። ስለዚህ እንኩሮ ሲቆላ ፍርፍር እስኪሆን ድረስ እርጥበቱን መጠበቅ፣ ከዚያም እንዲጠቁር መተው ነው። የጠላው ቀለምና ያ የተጠበሰ የሚመስል ጣዕሙ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው።

እኔ በመጀመሪያው ጥመቃዬ እንኩሮውን በኤሌክትሪክ ምጣድ እየቆላሁ ሳለ መብራቱ ይሄድብኛል የሚል ስጋት ያዘኝና ተጣደፍኩ። ከምጣዱ እያነሣሁ በቀጥታ ወደ ጥንስሱ ከተትኩት። ማታ ሲንጫጫ የነበረው ጥንስስ በማግሥቱ ጸጥ አለ፤ በሦስተኛው ቀን ሽታው ወደ ሆምጣጤ ሄደ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት መጥተው ክዳኑን ገለጥ አደረጉና «እጅህን ሳታስገባበት ነው እንዴ የከተትከው፣ ልጄ?» አሉኝ። እርሳቸው የሚለኩት እንዲህ ነበር፦ እንኩሮው በሰፌድ ይሰጣል፣ የእጅ ጀርባ መኻሉ ገብቶ ምንም ትኩሳት ካልተሰማው ይጨመራል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከ30 ዲግሪ በታች ሲሆን ይጨምር፤ እርሾ 50 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ አይተርፍም፣ የብቅሉ ኢንዛይም ግን ከዚያ የበለጠ ሙቀት ይችላል። የእኔ ስሕተት ኢንዛይሙን ሳይሆን እርሾውን ገድሎ፣ ሜዳውን ለባክቴሪያዎቹ ለቆላቸው ነበር። ያንን ሁሉ ደፋሁት።

እንኩሮው ከገባ በኋላ ወፍራሙ ድብልቅ ድፍድፍ ይባላል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ሥራ አንድ ላይ እየተካሄደ ነው፦ ኢንዛይሙ ስኳር ያወጣል፣ እርሾው እግር በእግር እየተከተለ ይበላዋል። ቢራ ፋብሪካ ይህንን ለያይቶ ይሠራዋል፤ ብቅሉን 65 ዲግሪ በሚጠጋ ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል አቆይቶ ስታርቹን ይለውጥና፣ ጭማቂውን ከሆፕስ ጋር አፍልቶ ያቀዘቅዝና፣ የተመረጠ እርሾ ይጨምርበታል። ቢራ የሚቆየው ስለፈላና እርሾው ብቻውን ስለሚሠራ ነው። ጠላ ግን እርሾና ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች በአንድነት የሚሠሩበት ስለሆነ ትንሽ መጎምዘዙ የባሕርይው ነው፤ ጉድለት አይደለም። ጉድለት የሚሆነው መጎምዘዙ ሲያይል ነው።

ድፍድፉ ስንት ቀን ይቆይ? ከደብረ ታቦር ወይም ከሌላ ደጋ አገር የተማሩትን ቀን ባሕር ዳር ላይ እንዳለ መተግበር አይቻልም። የረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ በሙቀት ይፋጠናል፣ በብርድ ይዘገያል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የሐይቁ ዳር ቀን ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ደጋ ላይ ሳምንት ከዚያም በላይ የሚቆየው ድፍድፍ እዚህ በአራት ወይም በአምስት ቀን ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከተተወ ይኮመጥጣል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ ሁለት ሦስት ቀን መጨመር ያስፈልጋል። በሙቀቱ ወራት ዕቃውን ከቆርቆሮው ጣሪያ ርቆ፣ በቤቱ ጨለማና ቀዝቃዛ ጥግ፣ ከተቻለ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ማስቀመጥ ይረዳል። መድረሱ የሚታወቀው አረፋው ሲቀንስ፣ ጣፋጭነቱ ጠፍቶ ምሬቱ ሲጎላና ፍርፍሩ ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ነው። እነዚያ እናቶች «እስኪደርስ» የሚሉት ይህንን ነው።

ቀጥሎ ውሃ ይሞላበታል። በጥንስሱ ላይ ከገባው 4 ሊትር ሌላ 12 ሊትር ያህል ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጨምሮ ይማሰልና፣ ከአፉ ዝቅ ያለ ባዶ ቦታ ተትቶ ይከደናል። ከሁለት እስከ ሦስት ቀን በኋላ ለመጠጥ ይሆናል። ከዚህ በኋላ አየር ጠላት ነው። አልኮልን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ያለ አየር አይሠሩም፤ አፉን መምረግ የተጀመረበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሆኖም መምረግና አጥብቆ መዝጋት አንድ አይደሉም። ጭቃውም ሆነ ጨርቁ ጋዙን በቀስታ ያሳልፈዋል። የተጠማዘዘ የፕላስቲክ ክዳን ግን አያሳልፍም፤ 1 ግራም ስኳር ሩብ ሊትር ያህል ጋዝ እንደሚያወጣ ካሰብን፣ 1 ኪሎ ተኩል ስኳር የተፈጠረበት ማድጋ ከ350 ሊትር በላይ ጋዝ ያወጣል ማለት ነው። ጀሪካን በእንዲህ ዓይነቱ ግፊት እንደ ኳስ ሲነፋ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጀሪካን ቢነፋ ክዳኑን ማላላት ይቻላል፤ ገና ያልጨረሰ ጠላ ወይም ጠጅ በመስታወት ጠርሙስ ታሽጎ ቢቀመጥ ግን ጠርሙሱ ሊፈነዳና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ባልዲ የሚጠቀም ሰው ክዳኑን በስቶ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያስገባና ሌላውን ጫፍ ውሃ ባለበት ሃይላንድ ውስጥ ይንከር፦ ጋዙ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። የአረፋው ፍጥነትም ሥራው የት እንደደረሰ ይናገራል።

ስለ ጥንካሬው ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁና ስሌቱን ላሳይ። በ5 ኪሎ እህልና ብቅል ውስጥ 3 ኪሎ ያህል ስታርች አለ። በቤት አሠራር ሁሉም አይለወጥም፤ ግማሹ ቢለወጥ 1 ኪሎ ተኩል ስኳር ይሆናል። ይህ በ16 ሊትር ውሃ ሲካፈል ለአንድ ሊትር 94 ግራም ገደማ ይደርሳል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ 17 ግራም ስኳር 1 በመቶ አልኮል ስለሚሰጥ፣ ውጤቱ ቢበዛ 5 በመቶ ተኩል ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ የሚወስዱት ድርሻ ሲቀነስ ከዚህ ዝቅ ይላል። «የቤት ጠላ አያሰክርም» የሚለውን ወሬ ማመን እንደማይገባ ከዚህ ይታያል፤ ጠንከር ተደርጎ የተጠመቀ ጠላ ከጠርሙስ ቢራ ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። ሹፌርም ሆነ ነፍሰ ጡር ሴት «ጠላ እኮ ነው» ተብሎ ሊጋበዝ አይገባም።

ብልሽቱን ከጤናማው መለየት የሚቻለው በዓይንና በአፍንጫ ነው። ላዩ ላይ ነጭ፣ ቀጭን፣ የተሸበሸበ ሽፋን ቢታይ ብዙውን ጊዜ አየር የወደደ የእርሾ ዓይነት ነው፤ ተገፍፎ ይወጣል፣ ጠላው ግን ቶሎ ይጠጣ። ጠጉር ያለው፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቀይ የሆነ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና ገፍፎ መቅመስ የለም፣ ይደፋል። የሆምጣጤ ሽታ አየር እንደገባ ይናገራል፤ ለጤና ባይከፋም መልሶ ጠላ የሚያደርገው ዘዴ የለም። የበሰበሰ እንቁላል ወይም የበሰበሰ ሥጋ የሚመስል ሽታ ካለ ደግሞ ማመንታት አያስፈልግም። ጌሾ ጨምሮ የተበላሸውን ማዳን ይቻላል የሚል ምክር እሰማለሁ፤ ጌሾ ከመነሻው የሚከላከል እንጂ የገባውን የሚያስወጣ አይደለም።

ጠላውን ትቶ በፍራፍሬ መሞከር የሚፈልግ ሰው ሥራው ይቀልለታል። ፖም የሚበቅለው እንደ ጨንቻ ባሉ ደጋዎች ስለሆነ እዚህ ውድ ነው፣ ማንጎ ግን በወቅቱ ይረክሳል። የበሰለ የማንጎ ጭማቂ በእኩል የቀዘቀዘ የፈላ ውሃ ተቀጥኖ፣ ለ5 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ተጨምሮበት፣ በቱቦው ክዳን ሥር ሳምንት ተኩል ያህል ቢቀመጥ ቀለል ያለ መጠጥ ይወጣዋል። ማንጎው ወፍራም ስለሆነ ሁለት ጊዜ መጠለል ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለውን መጠጥም ሆነ ጠላውን በእሳት አትኖ አረቄ ማውጣት ግን የጀማሪ ሥራ አይደለም፤ በእሳትም በመርዝም በኩል አደጋ ያለበት ሌላ ሙያ ነው።

ወደ ጠላው እንመለስ። ከላይ የሚቀዳው ገና ያልጠራው ጉሽ ነው፤ ድፍድፉ ያለበትን የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ ሆድ ለማይችለው ግን አይበጅም። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ተጠልሎ በሌላ ዕቃ አንድ ሌሊት ያደረው ይጠራል፣ ጣዕሙም ይለሰልሳል። ማጥለያው ጨርቅ በሳሙና ሳይሆን በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ የሳሙና ቅሪት የጠላውን አረፋ ያጠፋል። ወፍራሙ ድፍድፍ ላይ ሁለተኛ ውሃ ቢጨመር ከአንድ ቀን በኋላ ቅራሪ ይሆናል። ቅራሪ ቀላል ነው እንጂ አልኮል የለበትም ማለት አይደለም፤ ልጆች በጥም ጊዜ ከሚቀርብላቸው ውሃ መለየት አለበት። ጠላው በሙቀቱ ወራት ከሦስት ከአራት ቀን በላይ ጥሩ ሆኖ አይቆይም፤ ስለዚህ ለእንግዳ የሚጠመቀውን ወደ ኋላ ቆጥሮ መጀመር ነው። ለእሑድ ድግስ ከሆነ፣ በበጋ ሙቀት ጌሾው የሚዘፈዘፈው ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ነው።

የቀረው አተላ ለከብትና ለበግ ይሆናል፤ ግን ትኩሱን በብዛት መስጠት አይገባም፣ አልኮልም አሲድም አለበትና ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ በጥቂት በጥቂቱ ይቅረብ። ማድጋው አተላው እንደወጣ በዚያው ሰዓት በግራዋ ይታጠብ፤ ደርቆ ካደረ ግድግዳው ላይ የሚጣበቀውን ለማስለቀቅ ሦስት እጥፍ ድካም ይጠይቃል። ከታጠበ በኋላ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ እስኪጠፍ ይቆያል።